ጥልፉ ከጀርባው ሲታይ፦ የጠፈር ተልዕኮ ዓርማዎችን ስለ ማንበብ



በዚህ መድረክ ላይ ስቆም የመጀመሪያዬ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚሁ አዳራሽ ስለ ቁሳዊ ባህል ጥናት ዘዴ ሳስተምር፣ መዳፍ የምታክል አንዲት ክብ ጥልፍ ከፍ አድርጌ አሳይቼ ነበር። «ይህ የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃን በረገጠበት በ1969 የተሠራ የአፖሎ 11 ዓርማ ነው» አልኩ። ተማሪዎቹ እየተቀባበሉ ተመለከቱት። ጥልፉም ከዚያ ወዲህ በትምህርት ክፍላችን መተላለፊያ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ መግለጫ ተጽፎለት ተቀመጠ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ መግለጫ የማቀርበው እርማት ነው። እርማቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሣጥኑ ላይ መለጠፍ እችል ነበር፤ ነገር ግን የተሳሳትኩበት መንገድ ከስህተቱ ይልቅ ለእናንተ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየኝ ይህን አንድ ሰዓት ጠየቅሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ጥልፉን የገዛሁት በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት የቅዳሜ ገበያ ነው። ሻጩ በሮኬት ማስወንጨፊያው ጣቢያ ይሠራ ከነበረ አንድ ቴክኒሻን የሥራ ጃኬት ላይ የተፈታ መሆኑን ነገረኝ። የሁለት ሳምንት ቀለቤን ከፈልኩ። ለሃያ ዓመት ያህል ያንን ታሪክ ከጥልፉ ጋር ይዤ ኖርኩ፤ አንድም ቀን ጥልፉን ገልብጬ አላየሁትም።

የገለበጠችው እናቴ ናት። እናቴ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ የቀሚስ ጥልፍ ስትጠልፍ የኖረች ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ጥልፉን አዲስ ማቀፊያ ላሠራለት ወደ ቤት ይዤው ሄጄ ሳሳያት፣ ንስሩንም ጨረቃውንም ከቁም ነገር ሳትቆጥር ወዲያው ገለበጠችው። በጣቷ ዳበሰችው። «ልጄ፣ ይኼ ላስቲክ ተለጥፎበታል» አለች። ቀጥላም ጠርዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ፣ «ደግሞስ ማን ለበሰው? መርፌ አልነካውም እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከጃኬት ላይ የተፈታ ጥልፍ ዙሪያውን የስፌት ቀዳዳ፣ የክር ቁራጭ፣ ቢያንስ የተሳበ ጠርዝ ሊኖረው ይገባል። የእኔው እንደ ተመረተበት ቀን ንጹሕ ነበር። ዶክትሬቱ የእኔ ነው፤ ምርመራው ግን የእርሷ ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚህን ዓርማዎች እንደ አዲስ ማጥናት ጀመርኩ። ጥያቄዬም ተለወጠ። ቀድሞ «ሥዕሉ ምን ያሳያል?» እል ነበር፤ አሁን ግን «ምን ተሸፈነ? ምን ተፋቀ? ማንስ እንዲፋቅ አዘዘ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። የጠፈር ዓርማ ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ የመሸፈንና የመፋቅ ታሪክ ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

እስቲ ከመጀመሪያው እንጀምር። በአሜሪካውያን ጽሑፎች የመጀመሪያው የተልዕኮ ዓርማ የጀሚኒ 5 ነው ይባላል። ይህ አባባል ለአሜሪካ ብቻ እውነት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 1963፣ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ ወደ ጠፈር ስትወጣ በልብሷ ላይ የነጭ ወፍ ጥልፍ ነበር። ጥልፉ ግን የተሰፋው ከብርቱካናማው መደረቢያ ሥር በነበረው የግፊት ልብስ ላይ በመሆኑ ከውጭ አይታይም ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥልፍ የሄደው ተሸፍኖ ነው።

የጀሚኒ 5 ታሪክ ሰፋ ያለ ነው። ጠፈርተኞቹ ጎርደን ኩፐርና ፒት ኮንራድ ነበሩ። ቀደም ሲል ጠፈርተኞች መንኮራኩራቸውን ራሳቸው ይሰይሙ ነበር፤ ገስ ግሪሰም ጀሚኒ 3ን «ሞሊ ብራውን» ብሎ ከሰየመ በኋላ ግን ናሳ ይህን መብት ነፈጋቸው። ስሙ ከመስጠም ስለ ተረፈች ሴት የሚተርክ የሙዚቃ ቴአትርን ያስታውሳል፤ የግሪሰም የቀድሞ መንኮራኩር ደግሞ ባሕር ውስጥ ሰጥማ ነበርና ቀልዱ ለአለቆቹ አልጣማቸውም። ስም ማውጣት የተከለከለው ኩፐር የአየር ኃይል ሰው ነበር። በአየር ኃይል እያንዳንዱ ስኳድሮን የራሱ የጥልፍ መለዮ አለው። ስለዚህ ስም ካልተፈቀደልን ዓርማ ይፈቀድልን አለ። የኮንራድ አማት ከእንጨት የጠረበው ሸራ ለባሽ የፈረስ ጋሪ ነበረና ሥዕሉ ከዚያ ተወሰደ፤ የጥንት የአሜሪካ ሰፋሪዎች ወደ ምዕራብ የተጓዙበት ዓይነት ጋሪ ነው። በጋሪው ሸራ ላይም «ስምንት ቀን ወይም ውድቀት» የሚል ትርጉም ያለው መፈክር ተጻፈበት። የተልዕኮው ዕቅድ ስምንት ቀን በጠፈር መቆየት ስለ ነበር ነው።

በወቅቱ የናሳ የበላይ ኃላፊ ጄምስ ዌብ ነበር፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቴሌስኮፕ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዌብ መፈክሩን አልወደደውም። በረራው በስድስተኛው ቀን ቢቋረጥስ? የራሳቸው ልብስ «ወድቃችኋል» ብሎ ሊመሰክርባቸው ነው። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ዓርማው ተፈቀደ፤ ወደ ፊት የሚሠሩ ዓርማዎችም አስቀድመው ለፈቃድ እንዲቀርቡ ታዘዘ። መፈክሩ ግን በጨርቅ ቁራጭ ተሰፍቶ እንዲሸፈንና ተልዕኮው ሲሳካ ብቻ እንዲገለጥ ተወሰነ። ነሐሴ 21 ቀን 1965 ሁለቱ ሰዎች የተሸፈነ መፈክር ደረታቸው ላይ አድርገው ተወነጨፉ። የዌብ ሥጋትም ከንቱ አልነበረም፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የኤሌክትሪክ ኃይል አመንጪው የኦክስጅን ግፊት ወርዶ በረራው ሊቋረጥ ተቃርቦ ነበር። ችግሩን ተቋቁመው ቆዩ። በመጨረሻው ቀን በማረፊያው አቅራቢያ የባሕር ማዕበል በመነሣቱ አንድ ዙር ቀድመው ተመለሱ። ጠቅላላ ጊዜው 7 ቀን ከ22 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ሆነ። ስምንቱ ቀን ሊሞላ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ቀረው ማለት ነው! በጥብቅ ንባብ ካየነው ጨርቁ መነሣት አልነበረበትም። ማንም ግን ይህን ያህል ጥብቅ አልነበረም።

አሁን ወደ አፖሎ 11 ልምጣ። ማይክል ኮሊንስ በ1974 ባሳተመው ማስታወሻው የዓርማውን አወጣጥ በዝርዝር ስለ ተረከ፣ ከሁሉም ዓርማዎች ይልቅ የዚህኛውን ልደት እናውቃለን። ንስር ይሁን የሚለው ሐሳብ የጂም ላቭል ነው። ኮሊንስ ስለ ወፎች ከሚናገር የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሐፍ ውስጥ ክንፉን ዘርግቶ የሚያርፍ ንስር አገኘ፤ ስስ ወረቀት ደርቦ በእርሳስ ገለበጠው። ከበስተታቹ የተቦረቦረ የጨረቃ ገጽ፣ ከበስተኋላው ትንሿን ምድር ጨመረ። ነገር ግን ንስር ብቻውን ምን ይናገራል? በበረራ መለማመጃው የሚያሠለጥን ቶም ዊልሰን የተባለ ባለሙያ የሰላም ምልክት የሆነ የወይራ ዝንጣፊ ይያዝ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ኮሊንስም ዝንጣፊውን በንስሩ አፍ ላይ አደረገ።

ሥዕሉ ለፈቃድ ቀረበ፤ ተመለሰም። የሂዩስተኑ ማዕከል ዳይሬክተር ቦብ ጊልሩዝ የንስሩ ጥፍሮች አስፈሩት። ባዶ ጥፍሩን ዘርግቶ በጨረቃ ላይ የሚወርድ ንስር የሚነጥቅ እንጂ የሚጎበኝ አይመስልም። መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ ዝንጣፊው ከአፍ ወደ ጥፍር ወረደ። ኮሊንስ ንስሩ በዚህ አያያዝ ምቾት ያጣ ስለ መሰለው፣ ከማረፉ በፊት ዝንጣፊውን ይጥለው ይሆናል ብሎ ተስፋ እንዳደረገ በቀልድ ጽፏል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የምናውቀው የሰላም ንስር እንዲህ ያለ የቢሮ ድርድር ውጤት ነው። እንደ እኔ ፍርድ ይህ ክብሩን አይቀንሰውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔ ሥዕል ሲያሻሽል ስንት ጊዜ አይተን እናውቃለን?

ሌሎች ሁለት ውሳኔዎችም አሉ። መጀመሪያ ቁጥሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ኒል አርምስትሮንግ የውጭ አገር ሰው አያነበውም በማለቱ በአኃዝ 11 ተብሎ ተጻፈ። ሁለተኛው ውሳኔ ይበልጥ ከባድ ነው። በዚያ ዘመን ልማድ የጠፈርተኞቹ ስም በዓርማው ጠርዝ ላይ ይጻፍ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ግን ስማቸውን ተዉት። በአፖሎ ፕሮግራም ላይ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ሠርቷል፤ ዓርማው የእነርሱም እንዲሆን ፈለጉ። በታሪክ ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ሦስት ሰዎች ስማቸውን ያላስጠለፉ መሆናቸው ይገርመኛል።

ስህተትም አለበት፤ የታወቀ ስህተት ነው። በሥዕሉ ላይ የምድር ጥላ ያረፈው በግራ ጎኗ ነው። ከጨረቃ ላይ ሲታይ ግን ጥላው መውደቅ የነበረበት በታችኛው ክፍሏ ነበር። ይህን ሳያርሙት ቀረ። የንስሩ ሥዕል በ1971 በወጣው የአንድ ዶላር የአይዘንሃወር ሳንቲም ጀርባ ላይ ተቀረጸ። ከመጽሐፍ ወደ ስስ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ጨርቅ፣ ከጨርቅ ወደ ሳንቲም ተሸጋገረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሴ ስህተት እመለሳለሁ። ስህተቴ ከዓመተ ምሕረት መሳሳት የባሰ ነበር። በ1969 የተሠራ እውነተኛ ጥልፍ ቢኖረኝ ኖሮ እንኳ፣ «ይህ ጨረቃ ላይ የተለበሰው ዓይነት ነው» ብዬ ለተማሪዎቼ መናገሬ ሐሰት ይሆን ነበር። በጨረቃ ላይ የተለበሰው ዓርማ ጥልፍ አልነበረምና።

ምክንያቱ እሳት ነው። ጥር 27 ቀን 1967 በአፖሎ 1 የምድር ላይ ሙከራ ጊዜ በንጹሕ ኦክስጅን በተሞላው ክፍል ውስጥ እሳት ተነሥቶ ገስ ግሪሰም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ ሞቱ። ቀደም ብዬ ስለ «ሞሊ ብራውን» ስናገር የጠቀስኩት ግሪሰም ነው። ከአደጋው በኋላ በመንኮራኩሩ ውስጥ የሚቃጠል ነገር ሁሉ እየተለቀመ ወጣ። የጥልፍ ክር ይቃጠላል። ስለዚህ ከአፖሎ 7 ጀምሮ የበረራው ዓርማ ቤታ በተባለ ጨርቅ ላይ እንዲታተም ተደረገ፤ ይህም በቴፍሎን ከተለበደ የብርጭቆ ክር የተሸመነ እሳት የማይበላው ጨርቅ ነው። አርምስትሮንግና አልድሪን በጨረቃ ላይ የለበሱት የታተመ ሥዕል ነው። ሸካራው፣ የሚያብለጨልጨው፣ በጣት ሲዳሰስ የሚታወቀው ጥልፍ የምድር ነው፤ ለጃኬት፣ ለቤተሰብ፣ ለሠራተኛ፣ ለሰብሳቢ የተሠራ ነው። እኛ ሰብሳቢዎች እንደ ንዋየ ቅድሳት የምንይዘው ነገር ወደ ጨረቃ ያልሄደውን ነው።

ጥልፉ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ልበል፤ እናቴ የጠየቀችኝ ይህንን ነበርና። ሥራው የሚካሄደው ሺፍሊ በተባለ ማሽን ነው። ማሽኑን በ1863 የፈለሰፈው ኢሳክ ግሮብሊ የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው ሲሆን፣ ስያሜው በአገሩ ጀርመንኛ ትንሽ ጀልባ ማለት ነው፤ የታችኛውን ክር የምትወስደው መወርወሪያ ጀልባ ስለምትመስል ነው። የእኛ ሸማኔ መወርወሪያ ብታዩት ዘመድ ናቸው። ማሽኑ ከዘጠኝ ሜትር በላይ የሚረዝም ጨርቅ ወጥሮ በመቶ በሚቆጠሩ መርፌዎች አንዱን ሥዕል በአንድ ጊዜ ደጋግሞ ይጠልፋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ባለሙያ የሠዓሊውን ሥራ ስድስት እጥፍ አሳድጎ፣ እያንዳንዷ ስፌት የት እንደምትወድቅ ይወስናል። ቀጭን መስመር ክር አይሆንም። ከአምስት ሚሊሜትር የሚያንስ ፊደል ይደፈናል። ከሰማያዊ ወደ ጥቁር ቀስ እያለ የሚሄድ ቀለም በሦስት ክር ይቆራረጣል። ይህ ስሙ የማይታወቅ ባለሙያ ተርጓሚ ነው፤ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጡ የአፖሎ 11 ጥልፎችን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የአንዱ ንስር ከሌላው ለየት የሚለው በእርሱ እጅ ነው። የኔን ጥልፍ ከተመዘገቡ ናሙናዎች ጋር ሳነጻጽር የተገጣጠመው ከኋለኛዎቹ ምርቶች ጋር ነው። ላስቲኩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ላስቲኩ፣ የንስሩ አጠላለፍና የጠርዙ አቀማመቅ አንድ ላይ ሲመሰክሩ ግን መከራከር አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። በሰሜን ካሮላይና ዊቨርቪል የሚገኘው ኤ ቢ ኤምብለም የተባለው ፋብሪካ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለናሳ ዓርማዎችን ይጠልፋል፤ የአፖሎንም ዓርማዎች ዛሬ ድረስ እየሠራ ይሸጣል። በግልጽ የተሠራና በግልጽ የተሸጠ ጥልፍ ሐሰተኛ አይደለም። በእኔ ጉዳይ ሐሰት የነበረው ጨርቁ ሳይሆን አብሮት የተሸጠልኝ የቴክኒሻኑ ታሪክ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ታሪክ በዩኒቨርሲቲ መግለጫ ላይ ጽፌ ማዕረግ ሰጠሁት። ለተማሪዎቼ ይቅርታ የምጠይቀው ስለዚህኛው ነው።

የጥናት ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሁለት ጉዳይ ልጠቁም። የስካይላብ ጣቢያ በ1973 ያለ ሰው ስትወነጨፍ በይፋ ስካይላብ 1 ተባለች፤ ሰው የጫኑት ሦስቱ ጉዞዎች 2፣ 3 እና 4 ሆኑ። በዓርማዎቻቸው ላይ ግን የተጠለፈው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው። በአቆጣጠሩ ላይ ግራ መጋባት ስለ ነበር ነው፤ እስኪጣራ ድረስም ዓርማዎቹ ተሠርተው ነበር። የቤተ መዛግብት ሠራተኛ የትኛውን ይመዝግብ? ሰነዱን ወይስ ጨርቁን? እኔ ሁለቱም እንዲመዘገቡ እመክራለሁ፤ አንዱን በሌላው ማረም ግን ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ስምን በተመለከተ ደግሞ አፖሎ 13ን ተመልከቱ። በላቲን «ከጨረቃ፣ ዕውቀት» የሚል ጽሑፍና ሦስት ፈረሶች እንጂ የሰው ስም የለበትም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ኬን ማቲንግሊ ለኩፍኝ መሰል በሽታ ተጋልጧል ተብሎ በጃክ ስዋይገርት ሲተካ፣ ዓርማው አንዲት ስፌት መለወጥ አላስፈለገውም። በተቃራኒው የቻሌንጀር ዓርማ ሰባት ስሞች አሉት፤ ከመምህርቷ ከክሪስታ ማኮሊፍ ስም አጠገብም ትንሽ ፖም ተጠልፋለች፤ በአሜሪካ ልጆች ለአስተማሪ የሚሰጡት ስጦታ ናት። ዓርማው ሲሠራ ፖሟ ፈገግታ የምታጭር ነበረች። ከጥር 28 ቀን 1986 በኋላ ያው ጥልፍ፣ በያው ክር፣ በያው ማሽን እየተመረተ የሐዘን ልብስ ሆነ። በጨርቁ ላይ የተለወጠ ምንም የለም። የዚህን ዓርማ የምርት ዘመን ለመለየት እንድረዳ አንድ ሰብሳቢ ጠይቆኝ ያውቃል፤ ከአደጋው በፊት የተሠራው በዋጋ ይበልጣልና። አልረዳሁትም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ጥያቄው በጥናት ደረጃ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ አልተረጋጋሁም፤ በውይይቱ ሰዓት ሐሳባችሁን ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ጥልፎች አሉ። ሁሉንም ፊታቸውን ወደ ታች አድርጌ ዘርግቻቸዋለሁ። ስትመጡ መጀመሪያ ጀርባቸውን ተመልከቱ፤ ጠርዛቸውን በማጉያ መነጽሩ መርምሩ፤ ከዚያ በኋላ ገልብጧቸው። እጃችሁን ታጥባችሁ እንድትነኩ እለምናለሁ። በመተላለፊያው ሣጥን ላይ የነበረውን መግለጫ ዛሬ ጠዋት አንሥቼዋለሁ። አዲሱ የሚለው እንዲህ ነው፦ «የአፖሎ 11 ዓርማ። የማሽን ጥልፍ፤ ጀርባው በላስቲክ የተለበጠ። ከ1969 በኋላ የተሠራ፤ የጠለፈው ያልታወቀ። ወደ ጠፈር ያልሄደ፤ ልብስ ላይም ያልተሰፋ።»

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።